ፎቶው ሲተልቅ ለምን ካሬ ካሬ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የልጄን የምረቃ ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ። ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ነው። በኤ3 ሳሳትመው ግን ፊቷ ላይ ካሬ ካሬ ነገር ወጣ። ዲፒአዩን ከ72 ወደ 300 ቀይሬ ደግሜ አሳተምኩት፤ ያው ነው። ምን ይሻለኛል?»

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት! ማሽኑ ምንም አላጠፋም፤ ችግሩ ያለው ፋይሉ ላይ ነው።

ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። የኤ3 ረጅሙ ጎን 42 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 16 ተኩል ኢንች መሆኑ ነው። ሲካፈል ለአንድ ኢንች 78 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። እጅ ላይ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ 300 እንፈልጋለን። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 150ም ያስኬዳል። 78 ግን በጣም ያንሳል።

ዲፒአይ ደግሞ ፒክስሎቹ ወረቀት ላይ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚደረደሩ የሚናገር ቁጥር ነው። እሱን መቀየር ብቻውን አንድም ፒክስል አይጨምርም።

እስቲ ማስመሪያ ያምጡና ጉንጯ ላይ ያሉትን ካሬዎች ይለኩ። በዚህ መጠን አንድ ፒክስል የሚሊ ሜትር ሲሶ ነው፤ በማስመሪያ ለመለካት በጣም ያንሳል። ካሬው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የሚያዩት የጄፔግን (ፎቶው ተጨምቆ የሚቀመጥበትን የፋይል ዓይነት) ሥራ ነው። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ይጨምቀዋል። ሲበዛበት የክፍልፋዮቹ ድንበር ይወጣል፤ በተለይ እንደ ጉንጭና ሰማይ ያለ ለስላሳ ቦታ ላይ። ስለዚህ የእርስዎ ፎቶ ሁለት ጊዜ ተጎድቷል፦ አንሷል፣ ተጨምቋልም።

መፍትሔው ዋናውን ፋይል ከፎቶ አንሺው ማግኘት ነው። በቴሌግራም የሚልክልዎ ከሆነ «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክልኝ» ይበሉት። ስክሪንሾት በፍጹም እንዳይሆን። ሲደርስዎ መጠኑን ይመልከቱ፤ 4000 በ3000 ካለ ለኤ3 በኢንች 240 ያህል ይሰጣል። ሳይሰጉ ያሳትሙት።

ዋናው ከሌለ በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ያሳትሙት፤ ትንሽ ቢሆንም ያምራል። በኤአይ የሚያጎሉ መተግበሪያዎችን ለፊት አልመክርም። የጎደለውን በግምት ነው የሚሞሉት፤ ሽፋሽፍቱንም ጥርሱንም ከራሳቸው ይሠሩታል። ልጅዎን የምትመስል ሌላ ልጅ ልትወጣ ትችላለች።

ብቻ ለፎቶ አንሺው ቶሎ ይደውሉ። ብዙዎቹ ቦታ ሲሞላባቸው የቆየ ፋይል ያጠፋሉ።