ያው ሻርዶኔ፣ ሁለት ጠባይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቅርቡ ፓሪስ ሄጄ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ነጭ ወይን ቀመስኩ። አንዱ ሻብሊ፣ ሌላው ሜርሶ ይባላል። ሻብሊው ጥርስ ያጠርሳል፤ ሜርሶው ቅቤ ቅቤ ይላል። አስተናጋጁ ሁለቱም ቡርጎኝ ከሚባለው የፈረንሳይ ክፍል የመጡ ወይን ናቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ዝርያ፣ ከሻርዶኔ ነው የሚሠሩት አለኝ። ልዩነቱን ስጠይቀው «አፈሩ ነው» ብሎ ዘጋው። እውነት አፈር ይህን ሁሉ ያደርጋል? ጠርሙሱ ላይስ ሻርዶኔ የሚል ለምን የለም?

መልስ፦ አስተናጋጁ አልዋሸህም። ሥራ በዝቶበት ነው መሰለኝ፣ አሳጠረብህ እንጂ። እኔ ብሆን ከአፈሩ በፊት ብርዱን አነሳ ነበር።

ሻብሊም ሜርሶም የቦታ ስም ናቸው፤ ሻብሊ ከሜርሶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ወይን ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ብርድ አገር ግን ኮምጣጣነቱ ቶሎ አይለቅም። ጥርስህን ያጠረሰው እሱ ነው። እዚያ አንድ መኸር ወይን ለቅሜያለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ መቀሱን መያዝ ያቅተኝ ነበር። አንዲት ፍሬ አፌ ውስጥ ጣል ሳደርግ መጀመሪያ ትጣፍጣለች፣ ከዚያ ምላሴን ሰብሰብ ታደርገዋለች።

የሻብሊ ገበሬ ከልቡ የሚፈራው ግን የአፕሪልን ውርጭ ነው። ቡቃያው ገና ብቅ እንዳለ ይመታዋል። በአፕሪል 2021 ብዙ ምርት የጠፋው በዚህ ነው። ስለዚህ ሌሊት ተነስተው በወይኑ ረድፍ መሀል ትልልቅ ሻማ ይለኩሳሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ውሃ ይረጩበታል! መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ውሃ በረዶ ሲሆን ትንሽ ሙቀት ይለቃል። መርጨቱ እስካልተቋረጠ ድረስ፣ በበረዶ የተሸፈነው ቡቃያ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆይና ይተርፋል።

እዚያው ሻብሊ ውስጥ ራሱ ቦታ ይለያያል። ሰረን የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። ከእሷ በስተቀኝ ያለው ዳገት ፊቱን ወደ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ አዙሮ የከሰዓቱን ፀሐይ ይጠግባል። ሰባቱ «ግራን ክሩ» የሚባሉት፣ ከሁሉ ከፍ ያለ ደረጃ የተሰጣቸው ማሳዎች ያሉት እዚህ ነው። ከፍ ብሎ ነፋስ በሚመታው ሜዳ ላይ የሚበቅለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ፔቲ ሻብሊ» ነው፤ ቀለል ያለ፣ ሳይቆይ የሚጠጣ።

አፈሩስ? የሻብሊ ምርጥ ማሳዎች ከጥንት ባሕር በቀረ፣ ኦይስተር የሚባል የባሕር ፍጥረት ጥቃቅን ዛጎል በሞላበት ኖራማ መሬት ላይ ናቸው። ሰው ይህን ሲሰማ «አሃ! ለዚህ ነው ባሕር ባሕር የሚለው» ይላል። ለእኔ አይዋጥልኝም። ሥሩ የዛጎል ጣዕም ስቦ ፍሬው ውስጥ አይከትም። የአፈሩ ትልቁ ሥራ ውሃ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ያሳልፋል፣ ሲደርቅ ከያዘው ትንሽ ትንሽ ይለቃል።

ቅቤው ደግሞ ከማሳው ሳይሆን ከጓዳው ነው። ባክቴሪያ ኃይለኛውን ማሊክ አሲድ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ ሲቀይር፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ዲያሴቲል የሚባል ነገር አብሮ ይወጣል። ግን አብዛኛው ሻብሊም በዚሁ መንገድ ያልፋል። እንግዲህ በርሜሉን እንይ። ሜርሶ ብዙውን ጊዜ የሚፈላው 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል ነው፤ ከዚያም ወራት ከአተላው ጋር ይከርማል። አንዳንዱ ጠማቂ አተላውን በዱላ ያማስለዋል፤ «ባቶናዥ» ይሉታል። ወይኑ አፍ ውስጥ ወፈር የሚለው በዚህ ነው። ሻብሊ ግን አብዛኛውን ጊዜ በማይዝግ ብረት ጋን ውስጥ ነው የሚቆየው። ብረት ምንም አይጨምርበትም። ብርዱ የሰጠው እንዳለ ይደርስሃል።

የጠርሙሱ ነገር ቀላል ነው። ቡርጎኞች የሚጽፉት ከዝርያው ይልቅ ቦታውን ነው። በሕጉ ሻብሊ የሚሠራው ከሻርዶኔ ብቻ ስለሆነ፣ ሻብሊ ካለ ሻርዶኔ ብሎሃል።

ለሚቀጥለው ጉዞህ፦ በርሜል የነካው የሻብሊ ግራን ክሩ ካላቸው ጠይቃቸው። ዋጋው ይቆነጥጣል። ግን በቀመስካቸው በሁለቱ መሀል ያለው እሱ ነው።