ወረቀቱ ጋቢና ውስጥ ነው

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሰው ነኝ። በጅቡቲ መስመር ተሳቢ እነዳለሁ። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። ባለቤቴ ያልተመረመረችው ምርመራ፣ ያልሄደችበት ጸበል የለም። «ምንም የለብሽም» ነው የሚሏት። ከአራት ወር በፊት ሳልነግራት ተመረመርኩ። «ስፐርምህ በሚሊ ሊትር 6 ሚሊዮን ነው፣ አነስተኛ ነው» አሉኝ። ወረቀቱን ጋቢና ውስጥ ከሊብሬው ጋር አስቀምጬዋለሁ። እናቴ «ሌላ አግባ» ትለኛለች። ለባለቤቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? ከምርመራው አንድ ወር በፊት ወባ ጥሎኝ ነበር። ጫትም መንገድ ላይ እቅማለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ዓይኔ ሊብሬው ላይ ቀረ። ሊብሬ በየኬላው ይወጣል። አራት ወር ሙሉ በየኬላው ያንን ወረቀት ስታይ ከርመሃል ማለት ነው። ይከብዳል።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንይ፤ አንተ እንደ ፍርድ ወረቀት ነው ያነበብከው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መለኪያ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ያንተ ያንሳል። ያንሳል ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። በአንድ ምርመራም አይፈረድም፤ ይደገማል። ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ መሀል ኃይለኛ ትኩሳት ከነበረ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለ ወባው ለሐኪሙ ነግረኸዋል?

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ የአካሉን ነገር ሐኪም ነው የሚያየው። ሆኖም ምክንያቶቹ ብዙ እንደሆኑ እወቅ። ሊታከሙ ከሚችሉት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቫሪኮሴል የሚሉት፣ የቆለጥ ደም ሥሮች ማበጥ ነው። በደንብ ያልታከመ ጨብጥ ስፐርም የሚያልፍበትን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍም ቆለጥን ይጎዳል። ሲጋራ፣ መጠጥና ውፍረትም አሉ። ጂም የሚያዘወትሩ ወጣቶች ለጡንቻ ብለው የሚወጉት ቴስቶስትሮን ደግሞ የስፐርም ምርትን ጭራሽ ሊያቆም ይችላል፤ ይህን ስነግራቸው የማይደነግጥ የለም። አንዳንዴ ምክንያቱ ጨርሶ አይገኝም።

ወዳንተ ስንመጣ፣ ቆለጥ ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት ይፈልጋል። አንተ ደግሞ በአፋር ሐሩር ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነህ። ጫትም የስፐርምን ጥራት እንደሚቀንስ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ወንድነት» የሚባል ምክንያት አላየህም አይደል? የስፐርም ማነስና ስንፈተ ወሲብ ለየቅል ናቸው። አልጋ ላይ ምንም ሳይጎድለው ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ወንድ ብዙ ነው።

አሁን የሚመርህን ልንገርህ። ባለቤትህ በሌሊት ተነስታ ጸበል ስትሄድ፣ አንተ መልሱን ታውቅ ነበር። እናትህ ስትወቅሳት ዝም ስትል፣ ዝምታህ ከእናትህ ጎን ቆሟል። በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ አፍረህ ነው። እሷ ግን ያላጠፋችውን ተሸክማለች።

ከመንገድ ላይ በስልክ እንዳትነግራት። ቤት ግባ፣ እረፍ፣ ሲነጋ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ወረቀቱን አውጣው። እንዲህ በላት፦ «ከአራት ወር በፊት ተመርምሬ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሆነ። አፍሬ ደበቅኩሽ። ይቅርታ።» እዚያ ላይ አቁም። ስለ ወባውም ስለ ሙቀቱም ማብራሪያ አትደርድር፤ ለዚያ ሌላ ቀን አለ። ትቆጣ ይሆናል፣ ታለቅስ ይሆናል። ከ6 ሚሊዮኑ ይልቅ አራት ወሩ ነው የሚያማት። በማግስቱ «ይቅር አልሽኝ?» እያልክ አትጨቅጭቃት።

ስትረጋጉ አብራችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ትታቀባለህ። ወባውንም ጫቱንም ሳትደብቅ ተናገር።

እናትህን ለባለቤትህ አትተውላት፤ አንተው አናግራቸው። ወረቀት ማሳየት አያስፈልግም። «እማዬ፣ ችግሩ እኔ ጋ ነው፤ እየታከምኩ ነው። ከእንግዲህ እሷን እንዳትናገሪያት» ካልካቸው ይበቃል።