ፖለቲካና ኮረንቲ፦ ለወጣት አንባቢዎች

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለውን አባባል አብዛኞቻችሁ ከወላጆቻችሁ አፍ ሰምታችሁታል ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን ዕድሜዬን በጋዜጣ አራሚነት፣ በኋላም በአርታኢነት ያሳለፍኩ በመሆኔ ከፖለቲካ ልርቅ አልቻልኩም። ኮረንቲን በተመለከተ ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤት ነበረኝ፤ እርሱም ከኮረንቲ ርቆ አያውቅም። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ኃይሉን ያጠፋል፣ እጁን በጨርቅ ያደርቃል፣ ሥራው ሲያልቅም ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱ ይገባል። አባባሉን የፈጠረው ሰው ይህን ጎረቤቴን ሳያውቀው መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከአራት ኪሎ ተነስቼ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ በእግሬ መሄድ የጡረታ ልማዴ ነው። በመንገዴ ላይ ባሉት ካፌዎች ሁለት ዓይነት ወጣቶች አያለሁ። አንዱ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ፊቱ ይጠቁራል፤ ሌላው ስለ አገር ጉዳይ ሲነሳ እጁን አወዛውዞ «እኔ ዜና የሚባል ትቻለሁ» ይላል። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ተቆርቋሪ፣ ሁለተኛውን ግድየለሽ ይሉታል። እኔ ግን ሁለተኛው ከጥቂት ወራት በፊት የመጀመሪያው እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ የሰለቸው አገሩ ሳይሆን ንዴቱ ነው።

የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ እንደነበር ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል። አንባቢው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ የሚከራየውን ይመርጣል፣ አከራዩ «ጨርሱ እንጂ!» እያለ ይነተርከዋል፣ እርሱም አንብቦ ይመልሳል። በዚያ ዘመን የሚታተመው ሁሉ የጨዋ ጽሑፍ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ ስድብ የሞላበትን ርዕስ በእጄ አርሜ አሳልፌያለሁ። ነገር ግን ጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ነበረው። የተናደደም ሰው ንዴቱን ይዞ ይነሳና ከአጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያም ታክሲ ይጠብቃል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ስናዳምጥም እንዲሁ ነበር፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሬዲዮው ይዘጋና እራት ይቀርባል።

አሁን በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ማብቂያ የለውም፤ ከዚህም የከፋው ንዴታችሁን እየመዘነ የሚሠራ መሆኑ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ማሰራጨት» የሚለውን ቃል ሲተረጉም፣ ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን አያካትትም። ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የትኛው ጽሑፍ ለብዙ ሰው እንደሚታይ የሚወስኑበት ቀመር በዚህ አይስማማም። ፌስቡክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የስሜት ምልክቶችን፣ የተቆጣውን ፊት ጨምሮ፣ ከአንድ ላይክ 5 እጥፍ አድርጎ ይመዝን እንደነበር በ2021 ይፋ የሆኑት የውስጥ ሰነዶቹ አሳይተዋል። ክብደቱ በኋላ ተቀንሷል፤ ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገንም በአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች። እንግዲህ የሚያስጠላችሁን ጽሑፍ አይታችሁ የተቆጣውን ፊት በነካችሁ ቁጥር፣ ተቃወምኩት ብላችሁ ያሰባችሁትን ነገር ለጎረቤታችሁ ታደርሱት ነበር ማለት ነው። በአስተያየት መስጫው ላይ የምትጽፉት ስድብም ቢሆን ጽሑፉን ከመግፋት የተለየ ውጤት የለውም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ራሴ ተሳስቻለሁ። የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው፣ አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ነቅቼ ስልኬን ስከፍት የተቃጠለ ቤት ምስል ደረሰኝ። ከሥሩ «በወገኖቻችን ላይ የደረሰ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከላዩ ሁለት መስመር የቁጣ ቃል ጨምሬ ለቴሌግራም የዘመድና የወዳጅ ግሩፓችን ላክሁት። ጠዋት የእህቴ ልጅ ምስሉን በጣቶቿ አስፍታ «ጋሼ፣ ይቺን መኪና አይተዋታል?» አለችኝ። ጥግ ላይ የቆመችው መኪና መሪ በቀኝ በኩል ነበር፤ ታርጋዋም የእኛ አገር አይደለም። ምስሉን ወዲያው አጠፋሁት፤ ነገር ግን በመልእክቴ ወገኖቹ የተወነጀሉበት፣ ለዓመታት አብሬው ቡና የጠጣሁ ወዳጄ ከግሩፑ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዜና የምሰማው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከቁርስ በኋላና ከእራት በፊት። አልጋ ላይ ስልክ አልይዝም። የእህቴ ልጅ «ሰበር ዜና» እያሉ የሚጮኹትን ማሳወቂያዎች ዘጋችልኝ፤ እኛ ዜና ክፍል ውስጥ ሰበር የምንለው ነገር በወር አንድ ጊዜ ከመጣ ብዙ ነበር። ከምከታተላቸው ቻናሎች መካከል ስሕተታቸውን በግልጽ የሚያርሙትን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ማረሚያ አውጥቶ የማያውቅ ዜና አቅራቢ አልሳሳትም ባይ ነውና። እርግጥ ነው፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ለመስማት ወራት የጠበቀን ሰው ዜና ቀንስ ማለት ድፍረት ይሆናል። እኔ የምናገረው የሚያየው ነገር ሁሉ የቅርብ ጉዳዩ ለሚመስለው ሰው ነው።

ንዴት ሁሉ ይጥፋ ማለቴም አይደለም። በሰፈራችን የጎርፍ መውረጃው ቦይ ተደፍኖ ክረምቱን ሙሉ ውኃው በር ላይ ይተኛ ነበር። አንድ ወጣት ጎረቤቴ ስለ ፌዴራሊዝም በየምሽቱ ረጃጅም ጽሑፍ የሚለጥፍ ነው፤ አንድ ቀን ተናዶ ማመልከቻ ጻፈ፣ እኔም የፊደሉን ግድፈት አረምኩለት፣ በየቤቱ እየዞርንም ፊርማ አሰባሰብን። ቢሮው ሦስት ጊዜ አመላለሰን፤ ቦዩ የተከፈተው ግን በዚያ ወረቀት ነው። ልጁ በዚያ ሳምንት አንድም ጽሑፍ እንዳልለጠፈ ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ወዳጄን በስልክ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ራሱ ደወለልኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ቡና እንጠጣለን፤ ወደ ግሩፑ ግን አልተመለሰም። ምስሉም አልጠፋም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በማላውቀው ሰው በኩል ዞሮ እንደገና ደረሰኝ፤ ከላዩ ስም የሌለው ሁለት መስመር የቁጣ ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ «ወገን» የሚለው ቃል ላይ የተሳሳትኳት ፊደል ሳትታረም እንዳለች ነበረች።