ቤት ከመሸጥ በፊት ከተማው የሚጠይቀው ኢንስፔክሽን፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቤትሽን ልትሸጪ ስትነሺ ኤጀንትሽ (የሚያሻሽጥሽ ደላላ) «መጀመሪያ ከተማው መጥቶ ማየት አለበት» አለሽ። ገዢው የራሱን ኢንስፔክተር (ቤት መርማሪ) ማምጣቱ ካልቀረ ይሄኛው ለምን አስፈለገ? የተገኘው ሁሉ ካልተጠገነስ ቤቱ አይሸጥም ወይ? ብለሻል። እኔ ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዱ ቤት ስለሸጥኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ቤትሽ በየትኛው ከተማ አስተዳደር ሥር እንደሆነ አረጋግጪ። የፖስታ አድራሻሽን አትመኚ። ደብዳቤሽ ላይ የትልቁ ከተማ ስም ተጽፎ ቤቱ ግን የሌላ ትንሽ ከተማ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሕግ በአብዛኛው የሚያወጣው ከተማው ራሱ ነው። ስለዚህ አንቺ የምትጠየቂውን መንገድ ማዶ ያለው ጎረቤትሽ ላይጠየቅ ይችላል። በሌላ ስቴት የሸጠ ዘመድ የሚነግርሽንም እንዳለ አትውሰጂ። ሚኒሶታ ውስጥ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ቤቱን የሚያየው ፈቃድ ያለው የግል ገምጋሚ ነው፤ ሪፖርቱም ለገዢዎች ይታያል። ኒው ጀርሲ ደግሞ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ፣ የእሳት ማጥፊያም መኖሩ ሳይረጋገጥ አይሸጥም። እኛ ጋ ግን የከተማው ሠራተኛ ራሱ መጥቶ ጉድለቱን ይዘረዝራል፤ የተዘረዘረው በሻጩ ወይም በገዢው መስተካከል አለበት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። የሁለቱ ሰዎች ሥራ አንድ አይደለም። የገዢው ኢንስፔክተር የገዢው ሰው ነው። ጣሪያው ስንት ዓመት ይቀረዋል፣ ማሞቂያው አርጅቷል ወይ፣ ቤዝመንቱ ውሃ ያስገባል ወይ እያለ ያያል። ገዢው የሱን ወረቀት ይዞ ዋጋ ይደራደራል ወይም ይተወዋል። የከተማው ሰው ግን ኮዱን፣ ማለትም የከተማውን የቤት ደንብ፣ ይዞ ነው የሚመጣው። ያረጀ ማሞቂያ በደህና እስከሠራ ድረስ ላያስጨንቀው ይችላል። የቤዝመንቱ ደረጃ የእጅ መደገፊያ ከሌለው ግን ይጽፍብሻል። የተላጠ የጋራዥ ቀለም፣ ከፍና ዝቅ ያለ የእግረኛ መንገድ ኮንክሪት፣ የተገነጠለ አሸንዳ፣ ክዳን የሌለው የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ሲንክ አጠገብ ያለ ጂኤፍሲአይ (ከኤሌክትሪክ አደጋ ለመከላከል ራሱ የሚቆርጥ) ያልሆነ ሶኬት፣ ከውሃ ማሞቂያው ቫልቭ ወደ ወለል የሚወርደው ቧንቧ መጉደሉ፣ እነዚህ ናቸው የሚበዙት። እኔ ጋ ከተጻፈው አብዛኛው ከቤቱ ውጪ ያለ ነገር ነበር። ስለዚህ እሱ እስኪመጣ ሳትጠብቂ ቤትሽን ከውጭ ዞረሽ እዪው።

የምመክርሽ ዋናው ነገር የከተማውን ሰው ቶሎ ማስጠራት ነው። ቤቱ ገበያ ላይ ሳይወጣ። ብዙ ሰው ገዢ እስኪያገኝ ይቆያል። ያኔ ክሎዚንግ (ሽያጩ የሚጠናቀቅበት ቀን) ደርሷል፣ ኮንትራክተር አይገኝም፣ ክረምት ከሆነ ቀለም አይቀባም፣ ኮንክሪት አይፈስም። ገዢውም መቸኮልሽን ያያል። ዝርዝሩ ቀድሞ እጅሽ ከገባ ግን የቱን ራስሽ እንደምትጠግኚ፣ የቱን ዋጋ ላይ እንደምታስቢው ተረጋግተሽ ትወስኛለሽ። ሪፖርቱ የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ስትደውዪ እስከ መቼ እንደሚሠራ ጠይቂ።

ሁሉም ካልተጠገነ አይሸጥም ወይ ላልሽው፣ በብዙ ቦታ ይሸጣል። ገዢው «እኔ እጠግናለሁ» ብሎ ለከተማው ይፈርምና የጥገናው ገንዘብ ኤስክሮው ውስጥ ይቀመጣል። ይሄ ማለት ሥራው አልቆ ከተማው እስኪያጸድቅ ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል። አንዳንድ ከተማ ከጥገናው ግምት በላይ ያስይዛል፤ ስለዚህ ትልቅ ጥገና ከሆነ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ፔንሲልቬንያ ደግሞ በስቴት ሕግ፣ ጉድለት ቢገኝም ሽያጩ ይፈጸምና ገዢው 12 ወር ተሰጥቶት ያስተካክላል፤ ቤቱ ለመኖሪያ የማይሆን ከተባለ ግን እስኪስተካከል አይኖርበትም።

የኔ ሐሳብ፣ ትንንሹን ሁሉ ጨርሺው። መደገፊያ፣ የሶኬት ክዳን፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ የመሳሰለውን። ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ገዢው አይደነግጥም። ትልቁን፣ ለምሳሌ ሙሉ የመኪና መግቢያ ኮንክሪት፣ ለገዢው አስተላልፈሽ ዋጋ ላይ ብትነጋገሩበት ይሻላል። ኤሌክትሪክና ቧንቧ ሲሆን ግን ያለ ፐርሚት (የከተማው የሥራ ፈቃድ) አታስነኪ። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ሊድ (መርዛማ እርሳስ) ሊኖር ይችላል። በደረቁ አስፍቀሽ አቧራውን አታስነሺ፤ በተለይ ልጆች ካሉ።

ሰው የሚረሳው ፐርሚት ነው። ካንቺ በፊት የነበረው ባለቤት ቤዝመንቱን ያለ ፈቃድ ክፍል አድርጎት ከነበረ ዕዳው አሁን ያንቺ ነው። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ሊነሳ ይችላል፤ ከሌላው ሁሉ ረጅም ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። ወደ ሕንፃ ክፍሉ ሄደሽ በአድራሻሽ የተከፈቱ ፐርሚቶችን ጠይቂ። ተከፍቶ ያልተዘጋ ካለ አሁኑኑ አዘጊው።

እዚህ አንዳንዶች «ያለ ፈቃዴ ቤቴ አይገቡም» ያላችሁት መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ ጉዳይ፣ ባለቤቱ እምቢ ካለ ለቤት ምርመራም ቢሆን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ እዚሁ ክሊቭላንድ አካባቢ፣ ኦክውድ ቪሌጅ የተባለችው ትንሽ ከተማ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የሚያስገድደው የሽያጭ ምርመራ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል አንድ የፌደራል ዳኛ ወስኗል። መብቱ አለሽ። ግን እምቢ ካልሽ ከተማው ፈቃዱን ከፍርድ ቤት ሊያወጣ ይችላል፤ ክሎዚንግሽም ይጓተታል። ለመሸጥ የተነሳ ሰው ባይገባበት እመርጣለሁ።

እኔ ሕጉን በጠቅላላው አልጠላውም። ያረጁ ቤቶች ሳይጠገኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፉ ሰፈር ሲወድቅ አይቻለሁ። የሚያሳዝነኝ ጥሬ ገንዘብ የሌላቸው አዛውንቶች ናቸው። ያላቸው ቤቱ ብቻ ነው፤ ሳይሸጡት መጠገኛ ከየት ያመጣሉ? እንዲህ ያለ ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ ከተማው ወይም ካውንቲው የጥገና እርዳታ እንዳለው አብራችሁት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ቢሮ መሄድ ለብዙዎቹ ከባድ ነው።

በመጨረሻ እህቴ፣ የትኛውን ጥገና ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚከፍል በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። «ተስማምተናል» ብቻ አይበቃም። ሥራው ሲያልቅ ከተማው ድጋሚ እንዲያየው ጥሪ፣ የማጽደቂያውን ወረቀት ኮፒ ለራስሽ አስቀሪና ዋናውን ለታይትል ካምፓኒው (የባለቤትነት ዝውውሩን ለሚያስፈጽመው ድርጅት) ስጪ። ከተማሽን ከጻፍሽልን ደግሞ እዚያ የሸጠ ሰው እዚሁ ሊመልስልሽ ይችላል።