መልስ፦ ቺሊ የነበሩ ፍልስጤማውያን ፓስፖርት ለምን ተከለከሉ?

ሰላም ወንድሜ። እንግሊዝ ፍልስጤምን ስታስተዳድር፣ ቺሊ የነበሩ የቤተልሔም ሰዎች ለምን ፓስፖርት አጡ ብለህ ጠይቀሃል።

ብዙዎቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ያኔ ፍልስጤምን ይገዛ በነበረው በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ወረቀት ነው የወጡት። ቺሊ ውስጥ «ቱርኮ» (ቱርክ) የተባሉትም ለዚህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያ መንግሥት ፈረሰ፤ ወረቀቱም ዋጋ አጣ።

በ1923 እ.ኤ.አ. ቱርክ ከጦርነቱ አሸናፊዎች ጋር የተፈራረመችው የሎዛን የሰላም ውል አንቀጽ 34 ውጭ ላሉት መፍትሔ ያበጀ ይመስል ነበር። የትውልድ አገራቸውን ዜግነት እንዲመርጡ 2 ዓመት ሰጣቸው። ግን አንዲት ሐረግ አለችበት፤ አገሩን የሚያስተዳድረው መንግሥት ከፈቀደ ትላለች። ጉድ የሠራቻቸው እሷ ናት! እንግሊዝ በ1925 ያወጣችው የፍልስጤም ዜግነት ሕግ ደግሞ ዋናውን መመዘኛ እዚያው መኖርን አደረገ። ስለዚህ ቤተልሔም ተወልዶ፣ ቤቱና የወይራ ማሳው እዚያ እያለ፣ ብዙ ሰው ከእንግሊዝ ቆንስላ ባዶ እጁን ተመለሰ። የተወለደበትን ከተማ ለማየት እንደ ባዕድ ቪዛ መለመን! እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ዘመዶቻቸው ከቤተልሔም አቤቱታ ቢጽፉም ሕጉ ለብዙዎቹ አልተፈታም።

ፓስፖርቱን ያገኙትስ? ሽፋኑ ላይ ከላይ «የብሪታንያ ፓስፖርት» ይላል፤ «ፍልስጤም» የሚለው ከታች ነው። ያም ሆኖ የያዘው ሰው የብሪታንያ ዜጋ አልነበረም።