ለደረጃው ብር የያዘ ሰው አላየሁም

እህቴ፣ «ጡረታ የወጣች እናቴን አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላመጣት ነው፤ ከምግብና ከመድኃኒት ሌላ በወር ምን ልያዝ?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔም አራተኛ ፎቅ ነኝ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷም እምቢ ካለ ሦስት ዓመቱ። ያንቺም ያው መሆኑ አይቀርም።

1. ዳይፐር። «እናቴ እዚያ አልደረሰችም» ትያለሽ፣ እኔም ብዬ ነበር። በቀን 3 ከሆነ በወር 90 ነው። ከሰፈር ሱቅ በችርቻሮ አትግዢ፣ መርካቶ ወርደሽ በጅምላ አምጪ።

2. የስኳር መለኪያው። የሚጎዳሽ ማሽኑ ሳይሆን ስትሪፑ ነው፣ በየልኬቱ ደም ጠብ ተደርጎበት የሚጣለው። መጀመሪያ ስትሪፑ ከመድኃኒት ቤት የማይጠፋውን አጣሪ፣ ማሽኑን ከዚያ ግዢ።

3. ደረጃው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የዕቁብ ብሬን ሙሉ ዊልቸር ገዛሁበት። ዊልቸር ደረጃ እንደማይወርድ የገባኝ ቤት ካስገባሁት በኋላ ነው። አሁን ልብስ እናሰጣበታለን፣ ሳቂ።

ከዚያ በጡረታዋ ጉዳይ አንድ ቢሮ ሄድኩ። መታወቂያዋን፣ የሐኪም ወረቀቷን፣ ሁሉንም ይዣለሁ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይቅረቡ» አለችኝ። በማግስቱ ሁለት የሰፈር ልጆች ከፍዬ በፕላስቲክ ወንበር አወረድናት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የወንበሩ እግር ተሰነጠቀ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና «ሬሳ አስመሰላችሁኝ እኮ» አለች። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ደረስን፣ ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ። ለመውረድ ይከፈላል፣ ለመውጣት ይከፈላል፣ ለመውጣቱማ ጨምሪ ይሉሻል፣ ደግሞ እውነታቸውን ነው። ሦስት ጊዜ አወረድኳት። የዚያን ወር ጡረታዋ የደረጃውንና የታክሲውን እንኳ አልሸፈነም።

ሰነዶች ማረጋገጫ መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ውክልና እንደሚያስፈርም የሰማሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ክፍያ አለው፣ ግን በየቀጠሮው በደረጃ ከማውረድ ይሻላል። አንቺ እናትሽ በእግሯ እየሄደች ሳለ አስፈርሚያት። ዛሬ ነገ አትበይ፤ አእምሮዋ ከደከመ ውክልና መስጠት አትችልም፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ የዚያን ወጪ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ።

4. ለጠጋኝ፣ ለብየዳ የሚሆን ትንሽ ብር ያዢ። እኔ ሰፈር ያለው ብየዳ ቤት ሄጄ የብረት ወንበር ላይ ግራና ቀኝ ረጅም ቱቦ አስበየድኩ። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይሸከመዋል። ቀበቶም አለው፣ ከልጄ አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ የቆረጥኩት። የዊልቸሩን ሩብ እንኳ አልፈጀም፣ አሁን ብሎኩ ሙሉ ይዋሰኛል። ባለፈው ሳምንት ከሦስተኛ ፎቅ አንድ አዛውንት ሲወርዱበት እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ «ቀስ በሉ! ሁለተኛው ጋ መታጠፊያው ይጠባል» እያለች ታዛለች።