ያቺን የተጨማደደች ስኬች አትጣሏት

ውድ ወጣት አርክቴክቶች፣ የቤት ፕላን የምትሠሩ ልጆች ሁሉ፣

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ አርክቴክት በጣም አዝኖ ወደ እኔ መጣ። የነደፈው መኖሪያ ቤት እሱ በማያውቀው ቦታ፣ ለማያውቀው ሰው፣ እንዳለ ተሠርቶ አይቷል። ደረጃው የተጠማዘዘበት አቅጣጫ እንኳ አልተለወጠም። "ምን ላድርግ?" አለኝ። ከደንበኛው ጋር የጽሑፍ ውል እንዳለው ጠየቅኩት፤ ስምምነቱ በቃል ነበር። የመጀመሪያ ስኬቾቹን፣ በእጁ የሞካከራቸውን ረቂቅ ንድፎች ጠየቅኩት፤ ጥሏቸዋል። በኮምፒውተር የሣለበትን፣ ማንም ሊያርመው የሚችለውን የአውቶካድ ፋይሉንም ለደንበኛው ልኮለታል፤ ከዚያ ወደ ማን እንደተላለፈ አያውቅም።

ይህ ልጅ መብት አጥቶ አይደለም የተቸገረው። መብቱ ከመጀመሪያው አብሮት ነበር፤ የጎደለው ማስረጃ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

የቅጂ መብት የሚወለደው እርሳሱ ወረቀት ሲነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት፣ የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል፣ በ1908 በርሊን ላይ ሲሻሻል የሥነ ሕንጻ ሥራ በስሙ ተጠቅሶ ገባበት። ያኔውኑ ጥበቃ ለማግኘት መጀመሪያ መመዝገብ የሚለው ግዴታም ቀረ። በስምምነቱ ደንብ ጥበቃው ቢያንስ የሠሪው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ 70 ዓመት ያደረጉትም ብዙ አገሮች ናቸው። እንዲያም ሆኖ መመዝገብ ጥቅም አለው። አሜሪካን ብንወስድ፣ የአገሩ ሥራ ከሆነ ባለመብቱ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ማስመዝገብ አለበት። እናንተ ባላችሁበት አገር ሕጉ ምን እንደሚል ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ።

ወረቀቱና ቤቱ ሁልጊዜ እኩል እንዳልተጠበቁም እወቁ። እዚያው አሜሪካ እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ሥዕሉ ይጠበቅ ነበር፤ የተሠራው ቤት ግን ጥበቃ አልነበረውም። ፕላኑን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ያስጠይቃል፤ ቆሞ ያለውን ቤት በሜትር ለክቶ መልሶ መሥራት ግን አያስጠይቅም ነበር። በታኅሣሥ 1990 የወጣው ሕግ ነው ሕንጻውን ራሱን እንደ ሥራ የቆጠረው። አጠቃላይ ቅርጹን፣ የክፍሎቹንም አደራደርና አቀነባበር ይጠብቃል። በርና መስኮት፣ ማንም የሚጠቀምባቸው የተለመዱ ነገሮች ለየብቻቸው አይጠበቁም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ነው። "ሳሎንና ኩሽናውን ያለ ግድግዳ ያገናኘሁት እኔ ነኝ" ብሎ መብት የለም። ሐሳብ የሁሉም ነው። መኝታ ቤቶችን ከጫጫታ ማራቅ፣ የውሃ መስመር እንዲያጥር መታጠቢያ ቤቶችን ጎን ለጎን ማድረግ፣ የሙያው የጋራ ዕውቀት ነው። የእናንተ የሚሆነው ያንን ሁሉ ያጣመራችሁበት የራሳችሁ መንገድ ነው። በመኖሪያ ቤት ላይ ደግሞ ይህ መንገድ ጠባብ ነው። መሬቱ፣ የሕንጻ ደንቡ፣ የቤተሰቡ ብዛት ብዙውን ነገር አስቀድመው ይወስኑታል። ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ተቀራራቢ ቤት ሊነድፉ ይችላሉ። ስለዚህ የሚመሳሰል ቤት ባያችሁ ቁጥር "ተሰረቅሁ" አትበሉ። መጀመሪያ ሰውየው ሥራችሁን የሚያይበት መንገድ ነበረው ወይ? የተመሳሰለውስ ሌላው ሁሉ የሚያደርገው ነው ወይስ የእናንተ ብቻ?

በሌላ በኩል፣ ከዚህ መጠን በላይ ከለወጥከው የራስህ ይሆናል የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። አሥር በመቶ የሚል አለ፣ ሠላሳ የሚልም አለ። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ፕላኑን እንደ መስታወት ገልብጦ በረንዳ መጨመር አዲስ ሥራ አያደርገውም።

ይህን የምለው አድርጌው ስለማውቅ ነው። ወጣት ሳለሁ የቢሮዬ ኃላፊ የሌላ ሰው ፕላን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ "ገልብጠውና መስኮቱን ቀይርለት" አለኝ። ገለበጥኩት። ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። ያ ሰው ለስንት ወር እንደደከመበት የሥዕሉ ንጽህና ይናገር ነበር፤ የእሱን ስም ከርዕስ ሳጥኑ፣ የነዳፊው ስም ከሚጻፍበት የወረቀቱ ጥግ፣ ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው። ዓመታት አልፈው የእኔ ሥራ ላይ ሌላ ስም ሲጻፍ፣ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ወረቀት ነበር። ታዝዤ ነው ማለት እስከ ዛሬ አላቀለለልኝም። እናንተ እንዲህ ስትታዘዙ እምቢ በሉ።

አሁን ወደ ውሉ። ደንበኛው ገንዘብ ሲከፍላችሁ በአብዛኛው የሚገዛው በፕላኑ ቤት የመሥራት ፈቃድ ነው። እሱ ግን ሁሉንም የገዛ ይመስለዋል፤ አልፈርድበትም፣ ማንም አልነገረውምና። ለወንድሙ ሲሰጠው ደግ የሠራ ነው የሚመስለው። ስለዚህ በቀላል ቋንቋ ጻፉለት፦ ፕላኑ ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ቤት ነው፤ ሁለተኛ ቤት ቢፈልግ ተመልሶ ያናግረናል። ማሻሻያ ማን እንደሚሠራ፣ ሶፍት ኮፒ እንደሚሰጥ ወይም እንደማይሰጥ አብራችሁ ጻፉ። እኔ ፒዲኤፍ እሰጣለሁ፤ የሚታረመውን ፋይል ግን ያለ ጽሑፍ ስምምነት አልሰጥም። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ባለቤቱ ግድግዳ ቢያፈርስ ወይም ክፍል ቢጨምር ብዙ ቦታ ሕጉ ይፈቅድለታል። ያማል፤ ቢሆንም የሚኖርበት እሱ ነው።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ በሥራ ላይ የሠራችሁት በብዙ አገሮች የቀጣሪው ነው። በግላችሁ ተዋውላችሁ ስትሠሩ ግን መብቱ በጽሑፍ ካላስተላለፋችሁት በአብዛኛው ከእናንተ ጋር ይቆያል። የትኛው እንደሆናችሁ ሳታውቁ ሥራ አትጀምሩ።

ስኬቾቹን በተመለከተ፣ ቀን ጻፉባቸው። የተሰረዘውን፣ ቡና የፈሰሰበትን፣ ደንበኛው በእስክሪብቶ የሞነጫጨረበትን ሁሉ አስቀምጡ። የተጠናቀቀ ፕላን ማንም እጅ ላይ ሊገኝ ይችላል። ወደዚያ ያደረሳችሁ የተሳሳተ ሙከራ ግን እናንተ ጋር ብቻ ነው ያለው። አንድ ሌሊት ደረጃው ለምን ከግራ ወደ ቀኝ እንደዞረ የሚያሳይ ወረቀት ከብዙ ክርክር ይበልጣል።

ያ ልጅ በማግስቱ ደወለልኝ። ስኬቾቹን ከመጣሉ በፊት አንዷን በስልኩ አንስቶ ለጓደኛው ልኳት ኖሯል፤ ቀኑም አለ፣ ደረጃውም አለ። አሁን ለቤቱ ባለቤት የሚላከውን ደብዳቤ አብረን እየጻፍን ነው። ሰውየው ፕላኑ የማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል ብለን በጨዋ ቃል ጀምረነዋል።